ቁጭ ብለው ያሉት ኖር

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ክረምት ነው፤ መስኮቱ ሁሉ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል፤ የረጠበ ጋቢና የናፍጣ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫችን ከለመደው ቆይቷል። ጣርማ በርን እንዳለፍን ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ከፌስታላቸው ውስጥ የላስቲክ ብልቃጥ አወጡና ክዳኑን ፈቱት። ሽታው ወዲያው ደረሰኝ። የቀለጠ የበግ ላት ነው፣ ፌጦ የተወቀጠበት። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ማሸት ሲጀምሩ ከኋላ አንዱ «ኧረ መስኮት ክፈቱ፣ በእግዜር!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ትንሽ እንደሄድን መንገድ ላይ የቆመ ሰው ተገኘና ረዳቱ ቦታ ማመቻቸት ጀመረ። «እናት፣ ተነሱና ወደ ኋላ እለፉ!» አላቸው። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ያሻሉ። «አይሰሙም እንዴ? ኩራት ነው?» ሲላቸው እኔ ጮህኩበት። «ቀስ ብለው ይነሳሉ! ጠብቃቸው!» አልኩት። ጩኸቴ ለራሴም ከመጠን ያለፈ መሰለኝ። ረዳቱ ደንግጦ «እናትሽ ናቸው?» አለኝ። አይደሉም። ማን እንደሆኑም አላውቅም። የጮህኩት ለእትዬ ዘነበች ነው። ለእሳቸው መጮህ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ካለፈ ስንት ዘመኑ!

እትዬ ዘነበች ሞላሌ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። ሱፍ ፈታይ ናቸው። ባለቤታቸው ወታደር ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ የሰፈሩ ወታደር ሁሉ ልብሱ አልቆ፣ እግሩ ቆስሎ እየተንጠባጠበ ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም። መርዶም አልመጣ፤ ስለዚህ እትዬ ዘነበች አላለቀሱም፣ ጥቁርም አልለበሱም፤ ዝም ብለው እንዝርታቸውን አነሱ። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ አየለች ናት። እኔን በአምስት በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤታችን በልጅ ስለሚጨናነቅ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማድረው እነሱ ቤት፣ ከአየለች ጎን ነበር።

ያ ቤት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የድንጋይ ግድግዳ፣ ከጓሳ በመጣ ሣር የተከደነ ጣሪያ፣ መሃል ላይ የጥድ ምሰሶ። ከመደቡ ሥር በጆንያ የታጨቀ ሱፍ። ከግድግዳው የተሰቀለች ራዲዮ የባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ድንጋዩ በር ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ ይሰጣል፤ ማታ ዜናውን ጀምራ ሳትጨርስ ትሞታለች። እትዬ ዘነበች አጎዛቸው ላይ ቁጭ ብለው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሸርተት አድርገው ሲለቁት ይጮህ ነበር። እሳቸው የፈተሉት ድር አይበጠስም እየተባለ ባና ሠሪውም ዝተት ሠሪውም፣ የሱፍ ልብስ ሸማኔ ሁሉ ከሩቅ ይመጣባቸዋል። ምላሳቸው ደግሞ ከእንዝርታቸው ይፈጥናል። ሠርግ ላይ ብዙ የበላ ሰው፣ ቅዳሴ ላይ የተኛ ዲያቆን፣ ከእሳቸው አፍ አያመልጥም።

ሰፈሩ ግን ከምንም በላይ የሚያውቃቸው በኖራቸው ነው። የዛሬ ልጅ ኖር ማለትን ላያውቀው ይችላል፤ ሰው ቤት ሲገባ ስልኩን እያየ «ሃይ» ይላል። በእኛ ጊዜ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባው «በእግዜር!» ይላል፤ ያኔ ሁሉም ይቀመጣል። እትዬ ዘነበች ለቄሱም፣ ለለማኙም፣ ለእኛ ንፍጣችንን ላልጠረግነው ሕፃናትም ይነሱ ነበር። እንዝርቱን ወርውረው ነው የሚነሱት። እኔ ጨው ልዋስ ተልኬ ስገባ ሳይቀር «ኖር፣ እመቤት!» ብለው ቀጥ ይላሉ። አፍሬ ልሮጥ እደርሳለሁ፤ ደስታው ግን ውስጤን ያሞቀኛል። በሕይወቴ ከዚያ በፊት ሰው ሆኜ የተቆጠርኩበት ሌላ ቦታ አላስታውስም።

ሕመሙ ከጣታቸው ጀመረ። አንጓ አንጓው ላይ አበጠ፣ ቀላ፤ ሲነኩት ከውስጡ ፍም የተቀበረበት ይመስል ይሞቃል። ቀጥሎ የእጃቸው አንጓ፣ ከዚያ ጉልበታቸው። እነሱ ቤት የማድረው እኔ ነኝና የጠዋቱን አውቀዋለሁ፤ ሲነሱ ጣታቸው እንደተጨበጠ ነው፣ አይዘረጋም። መቀነታቸውን አየለች ታስርላቸዋለች። እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ፀሐይ ስትወጣ በር ላይ ወጥተው፣ ቀስ በቀስ ይፈቱና እኩለ ቀን ሲደርስ ሰው ይሆናሉ። ከሰዓት በኋላ ይፈትላሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ይስቃሉ። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ድንጋይ።

ይህን ማን ይመን? ጠዋት የሚያም፣ ከሰዓት የሚተው በሽታ በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ኪዳን ማስደረስ ሲተዉ፣ ውሃ መውረድ ሲተዉ፣ ሥራ ጠል ሆኑ ተባለ። የገዛ እናቴ ሳትቀር «ዘነበች እንደ እንሽላሊት ፀሐይ ካልመታት አትንቀሳቀስም» ብላ አስቃናለች። እሳቸው ራሳቸውም ሰምተው ስቀዋል፤ «እንሽላሊት እንኳ ጅራቷ ቢቆረጥ ይበቅልላታል» አሉ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሳቁ አፌ ውስጥ ይመርረኛል።

ያልተሞከረ መድኃኒት አልነበረም። ላትና ፌጦው በየማታው ነው። ጸበል ተጠመቁ። አንድ ባለመድኃኒት ጉልበታቸውን በጋለ ብረት ተኮሳቸው፤ ጠባሳው ቀረ እንጂ ሕመሙ አልሄደም። መርፌ ወጊ ዘንድ ሄደው ተወጉና ለሰሞኑ እብጠቱ ሟሸሸ፤ አየለችም እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ተመልሶ መጣ። ከሁሉ የሚገርመኝ ያበጠው እያበጠ ሌላው ሥጋቸው መጥፋቱ ነው። በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መሃል ያለው ሥጋ ሰረጎደ። ክንዳቸው ቀጠነ። እንዝርቱን የሚያሾሩበት ጭናቸው ላይ የነበረው ጠንካራ ሥጋ እያለቀ ሄዶ፣ በመጨረሻ እንዝርቱ አጥንት ላይ የሚሾር ይመስለኝ ነበር። «ብርድ ነው ሥጋዋን የበላው» ይሉ ነበር ሴቶቹ። አንዳንዶቹ ግን ሌላ ነገር ይሉ ጀመር።

ጣታቸው ወደ ጎን ሲጣመም ነው ሹክሹክታው የተነሳው። አንድ የገበያ ቀን ከሩቅ የመጣች የሱፍ ነጋዴ ቤታቸው ገብታ ጠላ ቀዱላት፤ ዋንጫውን ሲያቀብሏት እጃቸውን አየች። ዋንጫውን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችውና «ጦመኛ ነኝ» አለች። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ጦምም የለም።  ሴትየዋ ስትወጣ እትዬ ዘነበች ጠላውን ደጅ ደፍተው ዋንጫውን ራሳቸው አጠቡት። ሥጋ ደዌ የሚለውን ቃል ማንም ፊት ለፊት አልተናገረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰው ሲገባ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አየለች ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው፣ ጌታሁን የሚባለውም ልጅ የመጣው። ወላጆቹ ከጓሳ ማዶ ከግሼ ናቸው፤ በግ አርቢ፣ የተከበሩ ሰዎች። እሱ መሐል ሜዳ በመንግሥት ሥራ ላይ ነበር። በገበያ ቀን ሞላሌ እየመጣ ሱፍ የሚገዛ መስሎ አየለችን ያያታል። ምን የሚያደርግበት ሱፍ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ይዋደዱ ነበር። እናቷንም የሚያያቸው የገበያ ቀን ከሰዓት ስለሆነ፣ ቆመው ከሸማኔ ጋር ሲከራከሩ፣ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ አድርገው ሲስቁ ነው። ታማሚ መሆናቸውን አያውቅም፤ አየለችም እናቷ በማርያም ስላስማሏት አልነገረችውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትዳር ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል። እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ የእናቷ ጣት የተጣመመ ሙሽራ ማን ይወስዳል? «ልጄ ትዳር ትያዝ እንጂ ከዚያ በኋላ እጄን አውጥቼ ገበያ ላይ አሰጣዋለሁ» ይሉ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ሽማግሌ ሊላክ ሲሆን እትዬ ዘነበች ቀን ከሌት የሚያብሰለስሉት አንድ ነገር ሆነ። ሽማግሌ የሚመጣው በማለዳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ከቤት ሳይወጣ፣ አፉን ሳይፈታ። እሳቸው ደግሞ በማለዳ መነሳት አይችሉም። አየለች በዘወርዋራ «ከሰዓት ቢመጡስ?» ብላ ብትጠይቀው ጌታሁን ስቆ «ሽማግሌ ከሰዓት የሚመጣው ለዕርቅ ነው» አላት። ስለዚህ ተሰናዱ። ሽማግሌዎቹ ከማዶ ተነስተው እስኪደርሱ ረፋድ ይሆናል ብለው አሰቡ። ከጎህ በፊት ነቅተው፣ ውሃ ሞቆላቸው፣ ላቱ ታሽቶላቸው፣ ምሰሶውን ይዘው መነሳትን ሊለማመዱ ነበር ሐሳባቸው። በዕለቱ እናቴም ልትረዳ በማለዳ መጣች።

ሽማግሌዎቹ ግን ዋዜማውን ሞላሌ ዘመድ ቤት አድረው ኖሯል። የኅዳር ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ብሎ ሳይቀልጥ፣ ውሃው ምድጃ ላይ ገና ሳይሞቅ፣ ሳል ሰማንና በሩ ተንኳኳ። አየለች ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ጥግ ላይ ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ቀረሁ። እትዬ ዘነበች ከመደቡ ጫፍ እግራቸውን አውርደዋል፤ ከዚያ በላይ አልሆነላቸውም። ጭናቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ሊነሱ የሚሞክሩት በዚያች በቀረችው ሥጋ ነው፤ ከበዷት። ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን እንደያዙ ገቡ።

«ኖር!» አሉ እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለው። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ያው ሕፃን ሆኜ የማውቀው ኖር ነው።

«በእግዜር» የሚል አልተገኘም። አውራው ሽማግሌ ረጅም፣ ጋቢያቸው የነጣ፣ መደገፊያ ዘንጋቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሰው ነበሩ። እትዬ ዘነበች እስኪነሱ ጠበቁ። ብዙ የጠበቁ መስሏቸዋል። ከዚያ እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን እስከ ጉልበታቸው ዝቅ አድርገው እጅ ነሱ፤ እጃቸውን ግን ከጋቢው አላወጡም። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እኛስ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና ነበር የመጣነው» አሉ ሽማግሌው። «ነበር» አሉ።

«አባቶቼ፣ ቤቱ የእናንተ ነው፤ ልጅቷም የእናንተ ናት። ተቀመጡልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ባለቤቷ ያልተነሳችለት እንግዳ የት ይቀመጣል?»

እናቴ አፏን ስትከፍት አየኋት። «ታማ ነው እኮ» ልትል ነው፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። እትዬ ዘነበች አዩዋት። እንዲህ ያለ አስተያየት ከዚያ ወዲህም አላየሁ፤ ልመናም ነው፣ ትእዛዝም ነው። እናቴ አፏን ገጠመች። ሽማግሌዎቹ «ቆመን የመጣን ቆመን እንሄዳለን» ብለው ወጡ። የዘንጋቸው ድምፅ ውርጭ በያዘው መሬት ላይ እየራቀ ሄደ።

«ምነው ዘነቡ፣ ምነው?» አለች እናቴ እያለቀሰች። «ታምሜ ነው ማለት ምን ነበረበት?»

«ምን ታመምሽ ሲሉኝ ምን ላሳያቸው? ይህን?» ጋቢያቸውን ገልጠው ጣታቸውን አወጡ። «ትዕቢተኛ ናት ቢሉኝ ነገሩ በእኔ ያልቃል። የዚያ በሽታ ዘር ናቸው ቢሉን ግን ለልጄም ለልጅ ልጄም ይተርፋል። ይሄ ቢቀር ሌላ ይመጣላታል።»

ሌላ አልመጣላትም። ግሼ ድረስ የተወራው «እናቲቱ ለሽማግሌ የማትነሳ» እየተባለ ነው። የጌታሁን አባት እንኳ ለዘብ ብለው «ምናልባት ሴትየዋ ታማ ይሆን?» ብለው ነበር አሉ። ጌታሁን ግን ሐቁን ተናገረ፤ «የገበያ ዕለት በገዛ ዓይኔ ቆመው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ» አለ። በዚህ ነገሩ አለቀ። ሐሰት እንኳ አልተናገረም፤ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በመጣው ፋሲካ ሌላ አገባ። አየለች ሄዳ እውነቱን ልትነግረው ትችል ነበር፤ እውነቱን መንገር ግን የእናቷን እጅ ገበያ ማስጣት ነውና ዝም አለች።

ሰፈራችን ጸጸት ሲይዘው ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ታማሚ መሆናቸው በመጨረሻ ሲታመን ሁሉም ደግ ሆነ። ገና በር ላይ ሳለ «አትነሺ! አትነሺ! በሞቴ!» እያለ የማይገባ ጠፋ። ውሃቸውን ቀዱላቸው፣ እንዝርታቸውን ሰቀሉባቸው፣ ከመደቡ ወደ በሩ በሸክም አወጧቸው። እትዬ ዘነበችን ከስድቡ ይልቅ ይህ ገደላቸው። ሰው የሌለ ሲመስላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሰውነታቸው ሲፈታ፣ ምሰሶውን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ይነሳሉ፤ ቆመው ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ እንደገና ይነሳሉ። አንድ ቀን ያየቻቸው ጎረቤት አየለችን «እናትሽን ልትገድያት ነው?» ብላ ሰደበቻት። እናቴም አገዘቻት። እትዬ ዘነበች «እግሬ የሚቆይልኝ እስከተነሳሁ ድረስ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ!» አሏቸው። አርፈው ተቀመጡ። እግራቸው የበትር ያህል ቀጠነ፣ ከዚያ መነሳትም ቀረ። በአንድ ከባድ ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሞቱ። ለቀብራቸው የወጣው ሰው ብዛት! ሁሉም ተነስቶላቸዋል ያን ቀን።

አየለች ቤቱን ይዛ ቀረች፤ እንዝርቱንም። ዓመታት አልፈው የእሷም ጣት ጠዋት አልዘረጋ ሲላት፣ እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ ስለነበር ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ገና ጣቷን ሳይነካ «ጠዋት ስትነሺ ድርቅ ይልሻል? እስኪፈታልሽ ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ ጠየቃት። አየለች አለቀሰች። ሐኪሙ ሕመሙ መስሎት ደነገጠ። እናቷን በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ በሽታው ብርድም እርግማንም እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገራት። የገዛ ሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ተነስቶ የሚያቃጥለው ቃጠሎ ነው አላት፤ ቃጠሎው ጡንቻንም ይበላል፣ መቀመጥ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። መድኃኒቱን እንድትውጥ፣ ሲብስባት እንድታርፍ፣ ሲተዋት ግን ደጋግማ እንድትነሳና እንድትቀመጥ አዘዛት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «እማዬ ታውቀው ነበር» አለችኝ።

ሚኒባሱ ሞላሌ አወረደኝ። አሮጊቷ ገና መንገድ አላቸው፤ ስወርድ «ተባረኪ» አሉኝ። ከገበያው ወረድኩ። ሣሩ በቆርቆሮ ተለውጧል፣ ቤቱ ግን ያው ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። አየለች መደቡ ላይ ነበረች፤ አየችኝና ፊቷ በራ።

«ኖር!» አለችና እጇን ወደ ምሰሶው ሰደደች። እናቷ የሚይዙበት ቦታ ክንዳቸው ስላለሰለሰው ከሌላው እንጨት ለይቶ ያበራል። ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «አትነሺ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ በግድ ዋጥኩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ ትንሽ ታግሦ ቢሆን ኖሮ እያልኩ፣ ቀጥ ብላ እስክትቆም ድረስ በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«በእግዜር» አልኩና ገባሁ።